ማህተም የተመታበት ፓስወርድ

መስከረም 8 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር ለሚሌኒየሙ የታደለ ነው። ለኃላፊዎች ባለ ቆዳው፣ ለእኛ ለታይፒስቶች ባለ ካርቶኑ። ይሁን፣ ባለ ካርቶኑም ወረቀት አለው። ሃያ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖሬ የራሴን ነገር አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ ልፈነዳ ነው።

ታይፔን ወሰዷት። የንብረት ክፍሏ ከድጄ በሞዴል አስፈርማ ተረከበችኝና በጋሪ አስጭና ወደ መጋዘን። "ባሂራ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው" ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጋሪው እስኪታጠፍ አየሁት።

ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በሥራ ሂደት ለውጡ ምክንያት በየጽሕፈት ቤቱ ያለን የቆየን ታይፒስቶች ሁሉ ታኅሣሥ 3 ቀን በኮምፒውተር እንፈተናለን፤ በደቂቃ ሠላሳ የአማርኛ ቃል። ፈታኝ ከወልቂጤ ይመጣል። ያላለፈ ይንሳፈፋል። ቦታ የለውም ማለት ነው። በአርባ አራት ዓመቴ ልንሳፈፍ! እኔ ኩበት ነኝ?

መስከረም 9፣ ሐሙስ

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ከመከፈቱ በፊት ማን ነሽ ይላል። ስሜ "ታይፒስት 3" ነው፣ በፈረንጅ ፊደል። ባሂራ የሚባል ሰው አያውቅም።

ስሙን ያወጣልኝ ቴዲ ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያችን። ነሐሴ ላይ ማሽኖቹን ገጣጥሞ፣ ለየሰዉ ስም ሰጥቶ፣ ጳጉሜ ላይ ለአራት ወር ሥልጠና አዋሳ ሄደ። የርክክቡን ወረቀት በእንግሊዝኛው ታይፕ የመታሁለት እኔው ነኝ። የዋናው ፓስወርድ መስመር ላይ ስንደርስ "እትዬ ባሂራ፣ አንዴ ዙሪልኝ" አለና ራሱ በአንድ ጣቱ መታው። ዞርኩለት። ጆሮዬን ግን ማን ያዞረዋል? ስምንት ምት ነበር። ሚስማር የሚመታ ነው የሚመስለው፣ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። "ቀስ በል እንጂ፣ ምን በደለህ?" ብዬዋለሁ።

አሁን ይሄ ኪቦርድ። "ለ" ለማለት የፈረንጁን ኤል፣ ከዚያ ኢ። "ሎ" ለማለት ኤል፣ ከዚያ ኦ። አማርኛን በእንግሊዝኛ በር አስገብቶ የሚያስወጣ ነገር። በታይፕ ጊዜ ጣቴ እያንዳንዱ ፊደል ያለበትን ቦታ ሳያይ ያውቀው ነበር። ዛሬ በአንድ ሰዓት "ለሚመለከተው ሁሉ" ብቻ ጻፍኩ።

መስከረም 14፣ ማክሰኞ

በደቂቃ ሰባት ቃል። ሰባት! ጾም ባይሆን ኖሮ ከአፌ ምን እንደሚወጣ አላህ ያውቃል።

ሚስጥር የምትባል አዲስ ልጅ አጠገቤ ተመድባለች፣ ከኮሌጅ የወጣች፤ ነሐሴ ላይ ቴዲ ማሽን ሲገጥም ለቅጥር ትመላለስ ነበር። ማስቲካ እያኘከች አርባ ቃል ትጽፋለች። አዲስ ቅጥር ስለሆነች ፈተናው አይመለከታትም። "እትዬ ባሂራ፣ ላሳይሽ?" አለችኝ። "ሥራሽን ሥሪ" አልኳት።

ለመለማመድ አመሸሁ። አዛን ሊል ሲል ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሁለት ሳምቡሳ አገኘሁ። የጽዳቷ ሴትዮ ትሆናለች፣ አላህ ይስጣት።

መስከረም 20፣ ሰኞ

አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!

ቢሮው ባዶ ነው። ለመስቀል ሁሉም ወደየአባቱ ቤት ገብቷል፤ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ አበራ ሳይቀሩ ጉንችሬ ናቸው። እኔ የቴዲን ክፍል አቧራ ልጠርግ ገባሁ (እውነቱን ልናገር፣ ልጎረጉር ነው የገባሁት)። ማውዙን ስነካው ማሽኑ በራ። ማን ነሽ ሳይል ከፈተልኝ! ለካ ልጁ በራሱ ስም ከፍቶት ነው የሄደው።

ከጥግ ላይ "ሀ" የምትል ትንሽ ምልክት አለች። ስጫናት ዝርዝር ወረደ። እንግሊዝኛዬ ጠንካራ አይደለም፣ አንዷን ቃል ግን የትም ባያት አውቃታለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመት ፊቴ ተጽፋ የኖረች ናት። ታይፕራይተር ትላለች። ተጫንኳት።

ከዚያ ጣቶቼን አስቀመጥኩ። ፊደሎቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ሁሉም! ዓይኔን ጨፍኜ የማስታውሰውን ደብዳቤ ሁሉ ጻፍኩ፤ የእርሻ ግብዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የድንበር አቤቱታ። አንድም አልተሳሳትኩም። እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ሲል በሻርፔ ጠረግኩት፣ ንብረት ነው።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፋ። ሲመጣ የቴዲ ማሽን ጠፍቶ ነበር። ስከፍተው ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ።

በራሴ ስም ገብቼ "ሀ"ዋን ተጫንኩ። ዝርዝሩ አለ፣ ታይፕራይተር የምትለዋም አለች፣ ግን ደብዝዛለች። ብጫናት አትሰማም። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። "እትዬ፣ ይሄ በዋናው ሰው ስም ካልተከፈተ አይሰጥም፤ ታይፒስት 3 ሥልጣን የላትም" አለችኝ ሚስጥር ከኋላዬ ቆማ።

ሥልጣን የላትም። ይሄንንስ ኮምፒውተር ሳይነግረኝም አውቀው ነበር።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ዒድ። ባለቤቴ ሸረፋ ወደ በርበሬ ሱቁ ዛሬ አልሄደም። ለሥጋው ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ መጥቶ "ብትንሳፈፊም ምንም አትሆኚ፣ ሱቁ ውስጥ ወንበር አለልሽ" አለኝ። ለማጽናናት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው። አመሰግናለሁ አልኩት። የዘንድሮ ሽንኩርት ግን ኃይለኛ ነው።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

በኮሪደሩ ሳልፍ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ኃይሌ በስልክ ሲናገሩ ሰማሁ። "ባሂራ ጎበዝ ነበረች። የተላላኪ ቦታ ከተገኘ እናይላታለን" አሉ።

ነበረች አሉ። እዚሁ ግድግዳው ማዶ ቆሜ!

ተመልሼ ሚስጥር ላይ ጮህኩባት፣ ማስቲካሽ አላሠራኝም ብዬ። ልጅቷ ማስቲካ አልያዘችም ነበር። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ? ይቅርታ ለማለት ዞር ብል ወጥታለች። ሰኞ እላታለሁ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አላልኳትም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ቴዲን በስልክ አገኘሁት፣ በስንት መከራ። መስመሩ ይቆራረጣል። "እትዬ፣ ፓስወርድ በስልክ አይነገርም። በርክክብ አስረክቤያለሁ። መዝገብ ቤት፣ በታሸገ ፖስታ..." ጥርቅም።

በታሸገ ፖስታ! እዚሁ፣ ሦስት በር ማዶ!

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ጋሽ አበራ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ባሂራ፣ ስንት ዓመት ተዋወቅን?"

"ሃያ አንድ።"

"ያለ ደብዳቤ ፖስታ ስከፍት አይተሽኛል?"

"አላየሁም ጋሽ አበራ።"

"በይ ደብዳቤ አምጪ። አቶ ኃይሌ ይምሩበት፣ ኮሚቴ ይቋቋም፣ በቃለ ጉባኤ ይከፈታል።"

በእጄ ጻፍኩት። አልተቀበሉትም፤ ከመስከረም ወዲህ የእጅ ጽሑፍ አይመዘገብም። ታይፕ ለማድረግ መጋዘን ሄድኩ፤ ከድጄ ታይፕ ያለ ደብዳቤ አላወጣም አለች። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ አልችልም የሚለውን ደብዳቤ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ አለብኝ። ያ አላህ!

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አሥራ አንድ መስመር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር። በኤል እና በኢ፣ በኤል እና በኦ። ሚስጥር ሳልጠራት ወንበሯን አስጠግታ ስሳሳት በእርሳስ ጫፍ ታሳየኛለች። አላባረርኳትም።

ስጨርስ እንደ ልማዴ ከግርጌ በትንሹ "ባ.ሸ." ብዬ የመቺውን ምልክት ጻፍኩ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። "ይሄ ብቻ?" አለች። ይሄ ብቻ። በስንት ሺህ ደብዳቤ ላይ ስሜ ይሄ ብቻ ነው። እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር።

የመስከረሙ ሳምቡሳ የእሷ ነው። ዛሬም አመጣች፣ ጾሙ ካለቀ ስንት ጊዜው። የጽዳቷን ሴትዮ በከንቱ ስመርቅ ከርሜያለሁ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ይህን ቀን በዝርዝር ካልጻፍኩት አልተኛም።

ኮሚቴው በሁለት ሳምንቱ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አቶ ኃይሌ፣ ጸሐፊ ጋሽ አበራ፣ አባል ከድጄ። እኔ አመልካች ስለሆንኩ በሩ አጠገብ፣ ሚስጥር የኮምፒውተር አዋቂ ተብላ አጠገቤ። ጋሽ አበራ ፖስታውን ከካዝና አውጥተው ማሸጊያው አለመነካቱን ለሁሉም አሳዩ፣ በመቀስ ከፈቱ፣ ወረቀቱን ዘረጉ።

ርክክቡ የመታሁት ነው፣ አወቅሁት። የፓስወርዱ መስመር ላይ ግን ፓስወርድ የለም። ሐምራዊ ክብ ማህተም ነው ያለው። አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሦስት ጊዜ፣ ድቅድቅ ያለ።

"ጋሽ አበራ" አሉ አቶ ኃይሌ ቀስ ብለው፣ "ይህ ምንድን ነው?"

"ማህተም ነዋ!"

"ፓስወርዱ ላይ?"

"ታዲያ የት ይመታ? ፓስወርድ ማለት የሰውየው ፊርማ ማለት አይደል? ፊርማ ያለ ማህተም ምን ዋጋ አለው? ማህተም ያልነካው ፊርማ እኔ መዝገብ ቤት አይገባም። መጀመሪያ ደብዘዝ ስላለብኝ ደግሜ መታሁት።" ዞር ዞር ብለው ፊታችንን አዩና ድምፃቸው ወረደ። "አበስኩ ገበርኩ። ምን አጠፋሁ?"

ከድጄ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። አቶ ኃይሌ ራሳቸውን ያዙ። ቴዲ ጥር ላይ እስኪመለስ ይጠበቅ አሉ። ጥር! ፈተናው ታኅሣሥ 3 ነው! ጋሽ አበራ ግን ጥግ ላይ ሆነው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፣ የሰበሩትን ዕቃ የያዙ ይመስል፤ በእሳቸውም መናደድ አቃተኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። ለምን እንደተቀበልኳቸው አላውቅም፣ እጄ ነው የተቀበለው። ገለበጥኩት። ሌባ ጣቴ ጀርባውን ሲዳብስ ቀጥ አለ።

ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት፤ ሪባን ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የታይፕ ምት ጥልቀቱ የሚታወቀው በወረቀቱ ጀርባ ነው። ቀለሙን ማህተም ይሸፍነዋል። ምቱን ግን ምን ይሸፍነዋል? ደግሞ የማን ምት! ያ ሚስማር መቺ!

"ሚስጥር፣ እርሳስ ያዢ" አልኩ። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ፊደሎቹ ተገልብጠው ወደ እኔ ወጥተዋል። በዓይኔ አንዱን፣ በጣቴ አንዱን፣ ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠራሁላት። አምስተኛው ላይ ተጠራጥሬ ሁለቴ ዳሰስኩ።

ሚስጥር ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው፣ ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ "ውሃ ልጠጣ" ብላ ሮጠች። ሙቀቱ ይሆናል። ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።

አቶ ኃይሌ ራሳቸው ተቀምጠው አስገቡት። ማሽኑ ተከፈተ!

ጋሽ አበራ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። አቶ ኃይሌ "ባሂራ ጎበዝ ናት" አሉ። ናት አሉ!

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው አሁን ፓስወርዱን አምስት ሰው ስለሚያውቀው ይቀየር፣ ያዡም አንድ ሰው ይሁን ብሎ ወሰነ። ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዋና ቁልፍ ያዥ ሆኛለሁ፣ በደብዳቤ፣ ቴዲ እስኪረከበኝ። አዲሱን ፓስወርድ ሸረፋም አያውቀውም።

ታይፕራይተሯን ለታይፒስት 3 አበራሁላት። ሚስጥር በሞባይሏ ሰዓት ትይዝልኛለች። ሠላሳ ስምንት።

ይቅርታ አልኳት፣ ስለ ማስቲካው። "የቱ ማስቲካ?" አለችኝ። ውሸታም፣ ታስታውሳለች።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

የሺመቤት መጣች፣ ከታች ካለው ጽሕፈት ቤት። ታይፒስት ናት፣ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት የቀራት። "ዘጠኝ ቃል ነው የምጽፈው። ከነልጆቼ ልንሳፈፍ ነው" ብላ ቁጭ አለች። ፈተናው በእኛ አዳራሽ ነው፣ በሰባት ማሽን፣ "ፈተና" በሚል አዲስ ስም። ስሙን የምከፍተው ቁልፍ ያዧ እኔ ነኝ። አዲስ ስም ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ወደ ኤል እና ኢ ይመለሳል።

የእኔን ማሽን ብቻ ባስተካክል ማን ያያል? ማንም። ይህን ጽፌ አየሁትና አፈርኩ። ለግማሽ ቀን ግን አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ደብዳቤ ጻፍኩ። በሁሉም ማሽን ላይ የታይፕራይተሩ አቀማመጥ እንዲበራ፣ ተፈታኝ የፈለገውን እንዲመርጥ። አቶ ኃይሌ ፈረሙ። ጋሽ አበራ ቁጥር ሰጡ፣ ማህተም መቱ (ትክክለኛው ቦታ ላይ)፣ ግልባጭ ወደ ወልቂጤ ላኩ። ለስድስቱም ሴቶች ነገርኳቸው። የሺመቤት አላመነችኝም፤ እጇን ይዤ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩላት። ሁለት መስመር እንደጻፈች እልል አለች፣ በሥራ ሰዓት!

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አልፈናል! ሰባታችንም!

ፈታኙ አቶ ሀቢቡ ይባላሉ። ሰባት ማሽን ዞረው አዩና "ይህ ምንድን ነው? ኮምፒውተሩን ታይፕ አደረጋችሁት? አይቻልም፣ መልሱት" አሉ። የሺመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሽ አበራ ከኋላ ተነሡ። ፋይል ታቅፈው ነው የመጡት፣ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። "ጌታዬ፣ መመሪያው ይኸው። ተፈታኙ በኮምፒውተር በደቂቃ ሠላሳ የአማርኛ ቃል ይጽፋል ነው የሚለው። በየትኛው አቀማመጥ ይላል? አይልም። የተፈቀደበት ደብዳቤ ይኸው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው። ግልባጩ ለእናንተው ደርሷል፣ ተቀባዩ የፈረመበትም ይኸው።"

አቶ ሀቢቡ ፊርማውን አዩት። የራሳቸው ነበር። ሳያነቡ ነው የፈረሙት! ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጀምሩ" አሉ።

እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ሰባት ሴቶች እንደ ድሮው በአንድ ላይ፣ አዳራሹ በጠጠር ዝናብ የተመታ ቆርቆሮ ሆነ። አቶ ሀቢቡ መካከላችን ቆመው ሰዓታቸውን ትተው ጣታችንን ያዩ ነበር። እኔ አርባ ሁለት። የሺመቤት ልክ ሠላሳ፣ አንድ አልበለጠ፣ አንድ አልጎደለ። ሚስጥር በመስኮት በኩል ስትዘል አየኋት።

ሲወጡ አቶ ሀቢቡ ቀስ ብለው "ወልቂጤም እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉን፤ መጥተሽ ታስተካክዪልናለሽ?" አሉኝ። ደብዳቤ ይጻፉልን አልኳቸው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

አረፋ አለፈ። ቤቱ ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመድ ሞልቶ ሰነበተ። ሸረፋ ለእያንዳንዱ እንግዳ "ባሂራ ማህተም ውስጥ ታነባለች" እያለ ያወራል። ስንቴ ተው አልኩት። ብዙም አጥብቄ አላልኩትም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ቴዲ ተመለሰ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ሚስጥር አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ልጅ ሲሠለጥን ሥነ ሥርዓት ይረሳል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ፣ ስምንት ጊዜ ቀጨ ቀጨ አደረገ፣ ደገመ።

"እትዬ ባሂራ፣ አልከፍት አለኝ።"

"ተቀይሯል።"

"ማን ቀየረው?"

"እኔ። ያዧ እኔ ነኝ፣ በኮሚቴ።"

ሳቀ። "በይ እሺ፣ ንገሪኝ።"

"ፓስወርድ በቃል አይነገርም ልጄ፣ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። በደብዳቤ ጠይቅ።"

እንደማልቀልድ ሲያይ ሄዶ ከሚስጥር ጋር ማሽኗ ላይ ተቀመጠ። አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጁ፣ ምን እንደሚያስቃቸው አላውቅም። ለጋሽ አበራ ሰጠ። ጋሽ አበራ ገቢ አሉ፣ ቁጥር ሰጡ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው በመዝገባቸው አስፈረሙኝና አስረከቡኝ።

ቤት ይዤው መጣሁ። አሁን ፊቴ ነው። ላዩ ላይ በደማቁ "ለወ/ሮ ባሂራ ሸምሶ" ይላል። ሃያ አንድ ዓመት ስንቱን "ለእገሌ" መትቻለሁ፤ ለእኔ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። አራት ጊዜ አነበብኩት።

ሸረፋ በትከሻዬ ላይ ሆኖ አነበበና "ታዲያ ፈቀድሽለት?" አለኝ።

"ይጠብቅ" አልኩት። "ነገ እመራበታለሁ።"